ኪቦርዴ እሳቱን ሰ ንጉሡ ሠ እያደረገብኝ ነው፣ እንዴት ነው የሚጸዳው?

የቀበና ታይፒስት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ያስቃል ግን ስራዬን እያበላሸው ስለሆነ ነው የምጠይቀው። ቤት ሆኜ የስብሰባና የቃለ መጠይቅ ድምፅ እየሰማሁ በአማርኛ እተይባለሁ፣ የሚከፈለኝ በገጽ ነው። ኪቦርዴ ሬድራገን ኬ552 ነው፣ ባለ 87 ቁልፉ፣ ሰማያዊ ስዊች ያለው፣ ያው ቀጭ ቀጭ የሚለው፣ ከጓደኛ ላይ በሁለተኛ እጅ ከተገዛ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከሶስት ሳምንት በፊት ገደማ ኤስ አንዴ ስጫነው ሁለቴ መመዝገብ ጀመረ። በእንግሊዝኛ ቢሆን ወዲያው ይታየኝ ነበር፣ እኔ በምጠቀምበት አማርኛ መጻፊያ ግን ኤስ ሁለቴ ሲነካ ንጉሡ ሠ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ሰላም የነበረው ሠላም ይሆናል ሰኞ ሠኞ ይሆናል፣ ሲነበብ ያው ስለሆነ ደግሞ አይኔ ዝም ብሎ ያልፈዋል። የያዘው የሚያርመው ሰውዬ ነው፣ ይሄ ሁሉ ንጉሥ ከየት መጣ ብሎ ዶክመንቱን ቀይ በቀይ አድርጎ መለሰልኝ።

ትናንት ማታ በስልኬ መብራት ቁልፎቹ መሀል አየሁ፣ ባላይ ይሻለኝ ነበር። ፀጉር፣ አቧራ፣ የቆሎ ገለባ (ብዙ የቆሎ ገለባ)፣ ኤ እና ኤስ አካባቢ ደግሞ የደረቀ ቡናማ ነገር። ማኪያቶ ነው፣ መቼ እንደፈሰሰ አትጠይቁኝ።

እና ጥያቄዬ ይሄን ነገር በውሃ ማጠብ ይቻላል ወይ? ወንድሜ ጎሚስታ ጋ ወስደን በኮምፕሬሰር እናስነፋው ይላል። በኮሮና ጊዜ የተገዛ ግማሽ ጠርሙስ ሳኒታይዘርም ቤት አለ፣ ጄሉ ሳይሆን ውሃ የሚመስለው የሚረጨው፣ እሱ አልኮል ስለሆነ ይሆናል? ቁልፍ መንቀያ የለኝም። አዲስ ግዛ የምትሉ እንዳትደክሙ፣ ዋጋውን ታውቁታላችሁ።


አቦ ቀላል ነው፦

ብሮ አታካብድ። ሙሉውን በላርጎ እጠበውና ፀሐይ ላይ አስጣው። እኔ የራሴን ሁለቴ ሻወር ቤት ወስጄ አጥቤዋለሁ እስከዛሬ ይሰራል።


ሶልደር በእጁ፦

ወንድሜ የላይኛውን አትስማው፣ እሱ ዕድል ቀንቶት ነው። እኔ ጋ ታጥበው የሚመጡትን ኪቦርዶች ቢያይ እንዲህ አይልም ነበር።

መጀመሪያ ለምን ሁለቴ እንደሚመዘግብ ልንገርህ፣ እሱን ካወቅህ ምን ማድረግ እንዳለብህ ራስህ ይገባሃል። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ስር ያለው ስዊች ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች አሉ፣ ስትጫን ይነካካሉ። ሲነካኩ አንዴ ጠብ ብለው አይቀሩም፣ ለቅጽበት ይንቀጠቀጣሉ፣ ጤነኛ ስዊች ላይ ይሄ ከ5 ሚሊሰከንድ አያልፍም፣ ኪቦርዱ ውስጥ ያለው ቺፕም እስከዚያ ድረስ እንዲታገስ ተደርጎ ነው የተሰራው። መሀላቸው አቧራ ወይ የደረቀ ስኳር ሲገባ ግን መንቀጥቀጡ ይረዝምና ቺፑ ሌላ የጫንክ መስሎት ይመዘግበዋል። ያንተ ንጉሥ የመጣው ከዛ ነው፣ ማኪያቶው ውስጥ ካለው ስኳር።

አሁን ኪቦርዱን ለሁለት ከፍለህ አስበው። ላዩ ላይ ያሉት ፊደል የተጻፈባቸው ክዳኖች ተነቅለው ይወጣሉ፣ እነሱ ተራ ፕላስቲክ ናቸው፣ ሳፋ ውስጥ ብትዘፈዝፋቸው ምንም አይሆኑም። ከስር የሚቀረው፣ ስዊቹም ብረቱም ቦርዱም ያለበት፣ እሱ ጋ ውሃ አይደርስም። በቃ ህጉ ይሄ ነው።

ዩኤስቢውን ንቀል። ኮምፒውተሩን መዝጋት ብቻ አይበቃም ምክንያቱም ብዙ ኮምፒውተር ተዘግቶም ዩኤስቢው ላይ ኤሌክትሪክ ይሰጣል (ገመድ አልባ ያላችሁ ደግሞ ማጥፊያውን አጥፉ፣ ውስጡ ባትሪ አለ)። ከመንቀልህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳው፣ ፊደሎቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ የሚል ሰው ነው ኋላ ላይ ፔጅ አፕ የቱ ጋ ነበር እያለ የሚደውልልኝ። በየረድፉ ያለው ክዳን ደግሞ ዘንበል የሚልበት መጠን ስለሚለያይ ያለቦታው ከገባ ጣትህ ያውቅብሃል።

መንቀያ ከሌለህ ሁለት የወረቀት ክሊፕ ዘርግተህ ጫፍ ጫፋቸውን እንደ መንጠቆ እጠፋቸው፣ ክዳኑ ስር በተቃራኒ ጎን አስገብተህ ቀጥ አድርገህ ወደላይ ሳበው። በቢላዋና በሹካ አትፈልቅቀው፣ ጠርዙን ይበላዋል፣ ወደጎን ከጎተትከው ደግሞ ክዳኑ የሚሰካበት የስዊቹ መስቀል ይሰበራል። ስፔስ፣ ኢንተር፣ ባክስፔስና ሁለቱ ሺፍቶች ከስራቸው ሽቦ አላቸው፣ አንዱን ጎን ብቻ አትጎትት፣ ግራና ቀኙን ትንሽ ትንሽ እያነሳህ ነው የሚወጡት። ከፈራህ አምስቱን ተዋቸው፣ እዛው እንዳሉ ይጠረጋሉ።

ሳኒታይዘሩ አይሆንም። ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። ያ ውሃ የሚመስለው ሳኒታይዘር አልኮል ብቻ አይደለም፣ በኮሮና ጊዜ ብዙዎች የተከተሉት የዓለም ጤና ድርጅት ፎርሙላ 80 በመቶ ኢታኖል ሆኖ 1.45 በመቶ ግሊሰሪን አለበት፣ እጅ እንዳይደርቅ ተብሎ። አልኮሉ ይተናል ግሊሰሪኑ ይቀራል። ተቀብተኸው ከደረቀ በኋላ መዳፍህን ለጠፍ ለጠፍ የሚያደርግህ እሱ ነው። ስዊች ውስጥ ከገባ ደግሞ ያቺን ለጠፍ ለጠፍ እዛው ትቷት ይሄዳል፣ አቧራ ይሰበስብባታል፣ በወሩ ከመጀመሪያው ይብስብሃል። ፋርማሲ ሄደህ አልኮል በል፣ ጠርሙሱ ላይ ግሊሰሪን የሚል ካየህ መልስ። 70 በመቶው ለሰውነቱና ለብረቱ ይሆናል፣ ስዊች ውስጥ ለሚገባው ግን 97ቱን ብታገኝ ጥሩ ነው፣ 70 ማለት ቀሪው 30 ውሃ ነው እኮ፣ ቶሎ አይደርቅም።

ክዳኖቹ ከተነቀሉ በኋላ ፌስታል ዘርግተህ ኪቦርዱን ገልብጠህ ጀርባውን መታ መታ አድርገው፣ ቆሎህን ትሰበስባለህ። ከዛ ደረቅ የቀለም ብሩሽ ወይ የጥርስ ብሩሽ፣ ውሃም አልኮልም ሳይነካው፣ አቧራው እርጥብ ከሆነ ጭቃ ነው የሚሆነው። ከብሩሽ በኋላ ነው ስቴኪኒ ላይ ጥጥ ጠቅልለህ አልኮል አስነክተህ ጨምቀህ በስዊቾቹ መሀል ብረቱን የምትጠርገው።

የኤስ ስዊች ብቻውን፦ መርፌው የወጣለት ሲሪንጅ፣ አልኮል ሁለት ጠብታ፣ ስዊቹን ጫን አድርገህ ይዘህ በጎኑ በሚከፈተው ክፍተት ጠብ አድርግለት። ወዲያው 100 ጊዜ ያህል ቀጭ ቀጭ አድርገው ከዛ ኪቦርዱን ገልብጠህ እንደገና ቀጭ ቀጭ። ሌሊቱን ሙሉ ሳይሰካ ይደር። ጠዋት ሞክረው፣ ካልተስተካከለ ድገመው፣ ስኳር በአንድ ዙር አይለቅም።

ይሄን ሁሉ ስታደርግ መስኮት ክፈት፣ ቡና እየተፈላ ከሆነ ደግሞ ሌላ ክፍል ሂድ። አልኮል ከከሰል አጠገብ አይከፈትም፣ እጣኑም ያው እሳት ነው።


የቀበና ታይፒስት፦

ወንድምህ ሳይሆን እህትህ ነኝ ግን ተባረክ፣ እንዲህ ያስረዳኝ ሰው የለም። ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ ክዳኖቹን በፈላ ውሃ ብዘፈዝፋቸው ቅባቱ ቶሎ አይለቅም? ኢ እና ኤን ላይ የሚያብለጨልጭ ቅባት አለ በሶፍት ብጠርገው እምቢ አለኝ። ሁለተኛ ለሱ ቅባት አሴቶን ብሞክርስ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ቤት አለ።


ሚጣ ከላፕቶፕ ጋር፦

አሴቶን እንዳትነኪው!!! እህቴ እኔን እዪኝ። የኪቦርዴ ፊደሎች ላይ የአማርኛ ስቲከር ለጥፌ ነበር፣ አንዱ ተልጦ ሙጫው ሲቀር በአሴቶን ጠረግኩት። ሙጫው ለቀቀ፣ ክዳኑም አብሮ ለቀቀ ማለት ይቻላል፣ ላዩ ቀለጠ፣ የጣቴ አሻራ እስከዛሬ እዛ ላይ አለ፣ ፖሊስ ቢፈልገኝ ከኪቦርዱ ያገኘኛል።

የጎሚስታውንም ነገር እኔ ሞክሬዋለሁ (አዎ ሁሉንም ሞክሬዋለሁ)። ልጁ ጎማ የሚነፋበትን ቱቦ አምጥቶ አንዴ ሲለቅበት ሁለት ቁልፍ ተወንጭፎ ቱቦ ውስጥ ገባ፣ የመንገዱ ቱቦ ማለቴ ነው። እሱ ይሁን፣ ከነፋሱ ጋር ጭጋግ የመሰለ ውሃ ወጣ፣ ለካ ኮምፕሬሰሩ ታንክ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ ጠረኑም ዘይት ዘይት ይላል። ቤት ገብቼ ስሰካው ከቁጥር ረድፉ አራቱ አልሰራም። የልጁ ጥፋት አይደለም፣ ጎማ ነው የሚያውቀው።


ሶልደር በእጁ፦

እህቴ ይቅርታ። ሚጣ ያለችው ልክ ነው፣ የዚህ ኪቦርድ ክዳን ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፣ አሴቶን ያሟሟዋል። ቲነርና ቤንዚንም እዛው ናቸው። በረኪናም ምንም አይጠቅምሽም።

የፈላ ውሃም አይሆንም፣ ክዳኑ ይጣመምና ስዊቹ ላይ አልገባ ይላል። እጅሽ የሚችለው ለብ ያለ ውሃ፣ ላርጎ ጠብ ታደርጊበታለሽ፣ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው። ስታጥቢ ወንፊት ላይ አድርገሽ እጠቢ፣ ፍሳሹ ውስጥ የገባ ኤስኬፕ ፍለጋ የሲንክ ቱቦ የፈቱ ሰዎች አውቃለሁ። ከታጠበ በኋላ ቀዳዳውን ወደታች አድርገሽ ፎጣ ላይ ደርድሪው ምክንያቱም መሀሉ ላይ ያለችው የመስቀል ቀዳዳ ውሃ ትይዛለች፣ ላዩ ደረቀ ብለሽ ብትገጥሚው ያ ውሃ ቀጥታ ስዊቹ ላይ ነው የሚወርደው። ጥላ ውስጥ 24 ሰዓት ይደር፣ አሁን ክረምት ስለሆነ ሁለት ቀን ብትተዪው አይከፋም። ፀሐይ ላይ አይሰጣም፣ ነጭ ኤቢኤስ ፀሐይ ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፣ በፀጉር ማድረቂያም በሞቃቱ አታድርቂው።

የሚያብለጨልጨው ቅባት ያልሽው ደግሞ ቅባት አይደለም። ኤቢኤስ ጣት ሲበዛበት ሻካራው ላዩ ይለሰልሳል፣ አልቋል ማለት ነው፣ እንደ አሮጌ ሱሪ ጉልበት። ብትፈትጊውም አይመለስም። ኢ እና ኤን ላይ መሆኑ ስራሽን ነው የሚያሳየው።


ሜሪላንድ ነኝ፦

እዚህ ያለነው ቀላል ነው ያለን፣ ተራ ፋርማሲ 70 እና 91 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል በጠርሙስ ይሸጣል እኔ 91ዱን ነው የምጠቀመው። የታሸገ አየርም ጥሩ ነው ግን ቆርቆሮውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ ዘንበል ካለ ከነፋስ ይልቅ ፈሳሹ ነው የሚወጣው፣ በጣም ቀዝቃዛ ነው። ለአገር ቤት ሰው እልካለሁ ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱት፣ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፣ እኔ ለታናሽ ወንድሜ ይዤ ስሄድ ኤርፖርት ላይ አስቀሩብኝ። በሱ ፋንታ የሽቦ መንቀያ ላኩለት፣ ርካሽ ነው ቦታም አይዝም። ያ ቀለበት የሚመስለው የፕላስቲኩ መንቀያ ግን የክዳኑን ጎን ይጭረዋል።


አቦ ቀላል ነው፦

ሶልደር ቆይ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ አጥቤው ካልሞተ ውሃ ገዳይ ነው ያልከው ውሸት ነው ማለት ነው? ዝም ብለህ ሰው አታስፈራራ።


ሶልደር በእጁ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው አላስፈራራሁም። ውሃ ብቻውን ቦርድ አይገድልም፣ ፋብሪካ ውስጥም ከሶልደር (ከብየዳው) በኋላ ቦርድ የሚታጠብበት ጊዜ አለ። የሚገድለው ውሃው እያለ ኤሌክትሪክ ሲገባ ነው፣ ሌላው ደግሞ ውሃው ደርቆ የሚተወው ነገር ነው። የቧንቧችን ውሃ ፔርሙዝ ስር የሚሰራውን ነጭ ታውቀዋለህ፣ እሱ ነው ስዊችህ ውስጥ የሚቀረው። አንተ ታግሰህ አደረቅከው፣ ጎበዝ ነህ። እኔ ጋ የሚመጡት ጠዋት አጥበው ከሰዓት የሰኩት ናቸው። ስዊቹ ደግሞ እንደ ጆሮ ነው፣ ውሃ ለመግባት መንገድ አለው ለመውጣት የለውም።

አንድ ነገር ልመንልህ፣ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ለስላሳ ከፈሰሰበት ጥጥና ጠብታ አይበቃውም፣ ያኔ ወዲያው ተነቅሎ ተገልብጦ ከዛ በዲስቲልድ ውሃ፣ ለመኪና ባትሪ በሚሸጠው፣ ማለቅለቅ ሊኖር ይችላል። ለማኪያቶ ጠብታ ግን መርከብ አያስፈልግም። ሩዝ ውስጥ ክተተው የሚል ሰውም አይጠፋም፣ ሩዙን ብሉት፣ የሩዝ ዱቄት ከስዊች ውስጥ ያወጣሁት እኔ ነኝ።


ሚጣ ከላፕቶፕ ጋር፦

ሩዙንም ሞክሬዋለሁ ልል ነበር፣ ተውኩት።


የቀበና ታይፒስት፦

በቀጠሮ የማስረክበው ስራ ስለነበረኝ ዘገየሁ፣ አራት ቀን ፈጀብኝ ግን ሰራሁት።

97ቱን ሶስተኛው ፋርማሲ ላይ አገኘሁት፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 70 ነው ያላቸው። ልጅቷ ለምንድነው ስትለኝ ለኪቦርድ አልኳት፣ ሳቀች። ክሊፕ አጣጥፌ ስነቅል የመጀመሪያዎቹ አስሩ እጄን አሙኝ ከዛ በኋላ ለመደኝ፣ እንዲያውም ጥ ጥ ሲል ደስ ይላል። ስፔሱን በድፍረት ነቀልኩት ሽቦው አብሮ ወጣ፣ መልሼ ለማስገባት የዋልኩበትን ሰዓት አልናገርም፣ ሌሎቹን አራቱን እንዳልከው ተውኳቸው።

ከስር የወጣው ነገር፦ የፈንዲሻ ቁራጭ፣ አንድ ሙሉ የሽንብራ ቆሎ (ደህና ነው የተቀመጠው)፣ የጆሮ ጌጥ መዝጊያ ዓመት ሙሉ የፈለግኩት፣ እና ድመት የለኝም እንጂ ድመት ቢኖረኝ የሷ ነው የምለው ፀጉር። ኪቦርዱ ከእኔ በፊት የጓደኛዬ ስለነበር ግማሹ ከሷ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ፌስታሉን ለወንድሜ ሳሳየው እዚህ ላይ እየተየብሽ ነው እንጀራ በእጅሽ የምትቆርሺው? አለኝ።

ኤስ በመጀመሪያው ሌሊት አልዳነም። ጠዋት ኖትፓድ ከፍቼ በእንግሊዝኛ ኤስ ኤስ እያልኩ 50 ጊዜ ስጫን 61 ሆኖ መጣ። ስዊቹን ስጫነውም ከሌሎቹ ትንሽ ይከብድ ነበር። ደገምኩት፣ ሁለት ጠብታ፣ መቶ ጊዜ፣ ገልብጬ መቶ ጊዜ፣ በሁለተኛው ላይ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ፣ ያኔ ተስፋ አደረግኩ። በማግስቱ 50 ስጫን 51። ሶስተኛ ዙር። ትናንት ጠዋት 50 ስጫን 50፣ ከሰዓትም 50፣ ዛሬ ሶስት ገጽ ተይቤበት አንድም ንጉሥ አልመጣም።

አንድ ጥያቄ ግን ቀረኝ ሶልደር፣ ተመልሶ ቢመጣስ? ወንድሜ ዊንዶውስ ላይ ሁለተኛውን ጭነት እንዳይቀበል ማድረግ ይቻላል ብሎኝ ፊልተር ኪይስ የሚባለውን አሳየኝ።


ሶልደር በእጁ፦

50 ስጫን 61 ብሎ የሚቆጥር ደንበኛ አጋጥሞኝ አያውቅም፣ ሁሉም "ትንሽ ያስቸግራል" ነው የሚሉኝ።

ፊልተር ኪይሱን ተዪው። እሱ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች የተሰራ ነው፣ የሚጠብቀው ጊዜ በሚሊሰከንድ ሳይሆን በግማሽ ሰከንድና ከዛ በላይ ነው፣ በፍጥነት የሚደጋገም ፊደል ሁሉ ይበላብሻል። ንጉሡን ሠ ራሱ ከፈለግሽው አይመጣልሽም።

ከተመለሰ ስዊቹ ይቀየራል። ከስሩ ተነቅሎ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ፓውዝን ወይ ስክሮል ሎክን ነቅለሽ ኤስ ቦታ ላይ መክተት ነው፣ ማንም አይነካቸውም እነሱን። በሶልደር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ የሚያውቅ ሰው 10 ደቂቃ አይፈጅበትም፣ አሮጌ ኪቦርድ ካለሽ ስዊቹን ከሱ ማውጣት ይቻላል፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ አለበለዚያ አንዷ ቁልፍ ብቻ ድምጿ ይለያል።


አቦ ቀላል ነው፦

እሺ ተሸነፍኩ በጠብታ ይሁን። የሽንብራው ቆሎ ግን ምን ሆነ?


የቀበና ታይፒስት፦

ወንድሜን ጠይቀው።